ሳይሰማ ያመነው ሰው

ዳኛው ሦስት ጊዜ ጠየቁት፤ ሦስቱንም ጊዜ «አዎ» አለ።

ጉዳዩ ከተጠራ እስኪያልቅ አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ፀሐፊዋ የኮምፒውተሩን ቁልፎች ስትመታ ቆይታ እጇን አነሳች፤ ዐቃቤ ሕጉ ፋይሉን ዘግቶ የሚቀጥለውን ሳበ፤ ፖሊሱ ክንዱን ነካ አድርጎ ከተከሳሽ ሳጥን እንዲወጣ በአገጩ ጠቆመው። እሱም ከመውጣቱ በፊት ወደ ዳኛው ዞሮ እጅ ነሳ። ከተባለው ሁሉ ለጆሮው የደረሰው ስሙ፣ ቀጥሎ «ማሽን»፣ በመጨረሻም «ጥፋተኛ» የሚለው ቃል ብቻ ነበር። ለእሱ ግን ይኸው በቂ ነው። ማሽኑን ያስነሳው እሱ ነው፤ ሰው ተጎድቷል፤ እንግዲህ ሌላ ምን ይጠየቃል?

በማተሚያ ቤቱ ውስጥ በስሙ የሚጠራው አልነበረም፤ ሚሊሜትር ነበር የሚሉት። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ወረቀት መቁረጫው ላይ የቆመ ሰው ነው። የተጠረዘ መጽሐፍ ከምላጩ ሥር አስገብቶ ሦስት ጎኑን ሲከረክመው ጠርዙ እጅ ላይ እንደ መስታወት ያንሸራትታል። አለቆቹ ማስመሪያ ይዘው ሲለኩ እሱ ራቅ ብሎ ቆሞ፣ «ከላይ በኩል ግማሽ ሚሊሜትር ሄዷል» ይላል፤ ሲለካም ሄዶ ይገኛል። ወጣቶቹ፣ «የሠርግ ኬክ ጋሽ ሚሊ ከቆረጠው ሙሽሮቹ በድርሻ አይጣሉም» እያሉ ይስቁ ነበር። ዓይኑ እንዲህ የተመሰከረለት ስለሆነ ጆሮውን የጠረጠረ ሰው አልነበረም።

ጆሮው መክዳት ከጀመረ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ከማሽን ጋር ያረጀ ጆሮ ነው። መጀመሪያ የወፎች ድምፅ ጠፋ፣ ከዚያ የበር ደወል፣ ከዚያ የሴቶችና የሕፃናት ንግግር እየሳሳ ሄደ። ሚስቱ በሕይወት ሳለች ነገሩ ብዙም አላስቸገረውም። ባለሱቁ የተናገረውን እሷ ለራሷ እንደምታወራ ሰው መልሳ ታነሳዋለች፤ እንግዳ ሲመጣ ጉልበቱን ነካ ታደርገዋለች፤ ስለ ጆሮው ግን አንድም ቀን አንስታበት አታውቅም። ያረፈች ዕለት ሁለቱን ባንድ ጉድጓድ ቀበራቸው፣ ሚስቱንም ጆሮውንም።

ለሰው መናገር አቃተው። የከበደው ቃሉ ነው። «ደንቆሮ» የሚለው ቃል የማይሰማውንና የማያስተውለውን አንድ ላይ ጠቅልሎ ይመታል፤ እሱ ራሱ በጉልምስናው ስንቱን ሰው በዚህ ቃል ሰድቧል። ደግሞስ የማይሰማ ሰው ምላጭ ላይ ማን ያቆመዋል? ከማሽኑ ካነሱት ጠዋት ተነስቶ የሚሄድበት የለውም። ስለዚህ መላ አበጀ። «አዎ» ይላል፤ «ልክ ነው» ይላል፤ ፈገግ ይላል። ሰው ሲስቅ እሱም ከሰው በኋላ ይስቃል። ትእዛዙ ከረዘመበት፣ «እርጅና ነው፣ እረሳዋለሁ፣ ጻፉልኝ» ይላል። የሥራ ባልደረቦቹ፣ ጋሽ ሚሊ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ተዘጋ ተባባሉ። በሻይ ሰዓት ወንበሩን ቀስ በቀስ ወደ ግድግዳው እያስጠጋ ሄዶ በመጨረሻ ለብቻው መጠጣት ጀመረ። ማንም ና አላለውም፤ ብለውትም ይሆናል።

ሌላ ከተማ ያለችው ልጁ በየሳምንቱ ትደውልለት ነበር። ድምፅዋ በስልኩ ውስጥ እንደ ነፋስ ነው የሚመጣው። «ደህና ነኝ ልጄ፣ አይዞሽ፣ በርቺ፣ መስመሩ ይቆራረጣል» ብሎ ይዘጋዋል። አንድ ጊዜ ረዘም ያለ ነገር ነገረችው፤ ስትጨርስ ዝም አለች፤ እሱም ተራው መድረሱን አውቆ፣ «ጥሩ ነው፣ ጎበዝ!» አላት። ከዚያን ቀን ወዲህ የምትደውለው በወር አንዴ ሆነ። ምክንያቱን አላወቀም፤ ለመጠየቅም መስማት ያስፈልግ ነበር።

አደጋው የደረሰው ትምህርት ቤቶች ሊከፈቱ ሲሉ፣ ደብተርና መማሪያ መጽሐፍ በላይ በላዩ በሚታዘዝበት ወቅት ነው። ከዚያ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ የጥገና ሠራተኛው መፍቻ ይዞ መጥቶ ከመቁረጫው ፊት ያለውን የእጅ መከላከያ ብረት አወለቀ። ሥራ አስኪያጁ አጠገቡ ቆሞ ነበር። መከላከያው እያለ ምላጩ የሚወርደው ብረቱ ሲዘጋ ብቻ ነው፤ በየቆረጣው ጥቂት ሰከንድ ይበላል፤ ሥራ አስኪያጁን ያንገበገቡት እነዚያ ሰከንዶች ናቸው። ሚሊሜትር ብሎኖቹ ሲፈቱ አይቶ ግንባሩን ቋጠረ። ሥራ አስኪያጁ አንድ ነገር ተናገረው። እሱም ልማዱ ነውና፣ «ልክ ነው» አለ።

ጠራዧ አሥራ አንድ ዓመት ከጎኑ የሠራች ሴት ናት። እሷ ታቀርባለች፣ እሱ ይቆርጣል። በዚያን ቀን ካቀረበቻቸው ጥራዞች አንዱ ዘመም ብሎ አየችውና ልታቃናው ቀኝ እጇን ሰደደች፤ እየሰደደችም፣ «ጠብቅ!» ብላ ጮኸች። ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሰምቷታል። እሱ ዓይኑ መለኪያው ላይ ነበር። ፔዳሉን ረገጠ። ቀና ሲል አፏ ተከፍቶ አየ፤ ጩኸቷን ያየው እንጂ የሰማው አይደለም። ሌባ ጣቷና የመሃል ጣቷ ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፉም ምግቡም እንደነገሩ ሆነ። ፖሊስ ጣቢያ የተሰጠው የክስ ወረቀት፣ «እጅ ከምላጩ ሥር አለመኖሩን ሳያረጋግጥ ማሽኑን በማስነሳት» ይላል። ደጋግሞ አነበበው፤ የሚካድ ነገር አላገኘበትም። ፍርድ ቤት የሄደው አዎ ብሎ ሊገላገል ነው።

ዳኛው ለቅጣት ውሳኔ ሦስት ሳምንት ቀጠሩ። በዋስ ስለነበር ወደ ቤቱ ተመለሰ። ቅጣቱ እንዲቀልለት የሚከራከርለት ተከላካይ ጠበቃ ተመድቦለት ነበርና፣ የመዝገቡን ቅጂ ይዞ እንዲመጣ መልእክት ደረሰው።

ቅጂውን ከመዝገብ ቤት ተቀብሎ ግቢው ውስጥ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። የሕትመት ሰው ነውና ወረቀት ሲያነብ ዝም ብሎ አያነብም፤ ጣቱን ከመስመሩ ሥር እየሳበ ስህተት እንደሚለቅም ሰው ነው። ሁለተኛው ገጽ ላይ ጣቱ ቆመ።

በችሎቱ ዕለት ጠዋት ክሱ ተሻሽሎ ነበር ለካ። የተነበበው አዲሱ ነው፤ ቅጂው ደግሞ እሱ ዘንድ አልደረሰም። «ተከሳሽ ሥራውን ለማፋጠን በማሰብ የማሽኑን የእጅ መከላከያ በገዛ ፈቃዱ ፈትቶ ካነሳ በኋላ» ይላል። ከሥሩ ጥያቄዎቹ ተዘርዝረዋል። ያለ ጠበቃ ለመቀጠል ተስማምተዋል? አዎ። የተነበበልዎትን የተሻሻለ ክስ ተረድተውታል? አዎ። ድርጊቱን በክሱ እንደተገለጸው ፈጽመዋል፣ ጥፋተኛ ነዎት? አዎ።

ሰዎች ከፊቱ ያልፋሉ፤ አንዱ ጠበቃ ካባውን ክንዱ ላይ ጥሎ በስልክ እያወራ ይሄዳል። እሱ ወረቀቱን አጥፎ ዘረጋው፤ ደግሞ አጠፈው። ፔዳሉን መርገጥ የእሱ ነው። ብረቱን መፍታት ግን የእሱ አይደለም። ያልሠራውን በገዛ አፉ፣ ያውም ሦስት ጊዜ ተቀብሎታል።

በማግስቱ እግሩ ወደ ጠራዧ ቤት ወሰደው። አምኜ ተፈርዶብኛል፣ ብረቱን ግን እኔ እንዳልፈታሁ አንቺ ታውቂያለሽ ሊላት ነበር። ከሦስተኛ ፎቅ ደርሶ አንኳኳ። በግራ እጇ ከፈተች። ቀኟ በነጭ ፋሻ እንደተጠቀለለ ደረቷ ላይ ነበር። ግባ አላለችውም፤ ጎረቤት እንዳይሰማ ነው መሰል ፊቷን ወደ ደረጃው አዙራ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተናገረች። ከንፈሯን ማየት አልቻለም። ከዚያ ዞራ ዓይን ዓይኑን እያየች መልስ ጠበቀች።

ጥያቄ መሆኑ ገብቶታል። ምን እንደሆነ ግን አልገባውም። አልሰማሁም ማለት ይችል ነበር። ስድስት ዓመት የሠራበት አንገቱ ግን ከእሱ ቀደመ፤ ራሱን ነቀነቀና፣ «አዎ» አለ።

ፊቷ ሲለወጥ አየ። ተናደደች ቢል ያንሳል። የሆነ ነገር ከፊቷ ላይ ለቀቀ፣ ሰው እጁን ሲፈታ እንደሚለቀው ያለ። በሩን ዘጋችው። እሱ ያንን ያጠፈውን ወረቀት እንደያዘ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ምን ብላ ይሆን? ምን ብዬ ይሆን? ከታችኛው ፎቅ አንዲት ሴት የገበያ ዕቃ ተሸክማ ስታልፍ አንድ ነገር ተናገረችው፤ ሰላምታ ይሆናል፤ ለእሷም ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ በራሱ አንገት ላይ ንዴት ተነሳበትና ደረጃውን ግድግዳ እየያዘ ወረደ።

ተከላካይ ጠበቃዋ ልጁን የምታክል፣ ከሌሎች ሦስት ጠበቆች ጋር አንድ ክፍል የምትጋራ ሴት ነበረች። ጠረጴዛዋ በፋይል ተቆልሏል። እየጻፈች፣ ቀና ሳትል ታናግረዋለች። ሚሊሜትር ጥቂት ታገሠና እጁን ጠረጴዛዋ ላይ አሳረፈ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። የምትዪውን አልሰማም።»

ቀና አለች። «ጮክ ልበል?» ስትል ከንፈሯን አየ።

«ነገሩ የጩኸት አይደለም። ጆሮዬ ከሄደ ስድስት ዓመቱ ነው። ለማንም ተናግሬ አላውቅም፣ ላንቺ ገና መናገሬ ነው።»

ሲናገረው ድምፁ ሳይታወቀው ከፍ ብሎ ኖሮ ሌሎቹ ጠበቆች ዞረው አዩት። ጠበቃዋ ብዕሯን አስቀመጠች፤ መልሳ አነሳችና ንጹሕ ወረቀት ስባ ጻፈች፤ ዳኛው ሲጠይቁዎትስ?

«ስሜን ሰማሁ። ማሽን የሚል ሰማሁ። የቀረውን አዎ አልኩ።»

መከላከያውን ማን ፈታው?

ነገራት። ከጥገና ሠራተኛው መፍቻ ጀምሮ ሁሉንም ነገራት። እሷ ረጅም ሰዓት ጻፈች፤ ከዚያ ወረቀቱን ወደ እሱ አዞረችው። ቅጣት ከመወሰኑ በፊት የእምነት ቃልዎ እንዲነሳና ክርክሩ እንደ አዲስ እንዲሰማ መጠየቅ እችላለሁ፤ ፍርድ ቤቱ ቃሉ ሳይረዱት የተሰጠ መሆኑን ካመነ ይፈቅዳል። ግን አንድ ነገር ይወቁ። አልሰማም ካሉ ዐቃቤ ሕጉ ዝም አይልም። የማይሰማ ሰው መሆኑን ደብቆ ምላጭ ላይ ቆመ፣ የሴትዮዋን ጩኸት ያልሰማው ለዚህ ነው ይላል። ፍርድ ቤቱ ይህን ከተቀበለ የባሰ ሊመጣ ይችላል። አሁን ባለው ከቀጠሉ ግን በማቅለያ ቀላል ቅጣት ላገኝልዎት እችል ይሆናል።

ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ዐቃቤ ሕጉ ይላል ያልሽው ነገር፣ ውሸት ነው?»

እሷ ጥቂት አየችውና ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። አይደለም።

«እንግዲያው ይበሉታ።»

እንዲህ ብሎ ወጣ እንጂ ጀግና ሆኖ አልሰነበተም። በሚቀጥሉት ቀናት ሁለት ጊዜ ልብሱን ለብሶ፣ ጠበቃዋን ተዪው ሊላት ተነሳ፤ አንዴ የአውቶቡስ ፌርማታው ድረስ ደርሶ ተመልሷል። በከተማው ውስጥ የሚያውቁት ሰዎች ሁሉ ስሙን ትተው «ደንቆሮ» በምትለው ቃል ሲጠሩት ይታየዋል። ሌላው ደግሞ የባሰው ነው። ጠራዧ የዚያን ቀን ጩኸቷ የት እንደገባ ልታውቅ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ስልኩን አውጥቶ ለልጁ መልእክት ጻፈ። አውራ ጣቱ ለወረቀት እንጂ ለዚህ የለመደ አይደለም፤ አምስት መስመር ለመጻፍ ከሰዓቱን ሙሉ ፈጀ። ጆሮው እንደማይሰማ፣ መስመሩ ይቆራረጣል እያለ ይዋሻት እንደነበር፣ እንደተከሰሰም ጻፈላት። መልሷ ሳይውል ሳያድር መጣ፤ ረጅም ነበር። መሃል ላይ፣ «አባ፣ እኔና ባለቤቴ ተለያየን ብዬ ስነግርህ ጥሩ ነው ጎበዝ ያልከኝ ሳትሰማኝ ነው?» የሚል አለ።

አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ያችን መስመር አያት። ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ልጁ ሁለት ዓመት ሙሉ አባቴ በትዳሬ መፍረስ ደስ አለው ብላ ኖራለች። «አዎ» ብሎ ጻፈ፤ ከዚያ አጠፋውና፣ «አልሰማሁሽም ነበር ልጄ። ሰምቼ ቢሆን ዕለቱን እመጣ ነበር» አለ። እንባው ስልኩ ላይ ሲወርድ በእጅጌው ጠረገው። ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ እንደምትመጣ ጻፈችለት፤ እሱ ግን ነገሩ እስኪለይ አትምጪ አላት። ሳጥን ውስጥ ቆሞ እንድታየው አልፈለገም።

የቅጣት ቀጠሮው ደረሰ። ችሎቱ ሞልቶ ነበር፤ የተሰየመው ለብዙ ጉዳይ ነውና የማያውቃቸው ሰዎች ተደርድረዋል። ጠበቃዋ ተነስታ ተናገረች። ከዚያ ዐቃቤ ሕጉ ተነሳ። ጠበቃዋ የተባለውን እየጻፈች በሳጥኑ ጠርዝ ላይ ታሳየዋለች። ዐቃቤ ሕጉ፣ «ቅጣት ሲቃረብ ጆሮው የማይታመም ተከሳሽ የለም፤ ባለፈው ጊዜ ሦስቱንም ጥያቄ በትክክል መልሷል» ብሏል። ከኋላ ያሉት ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየ፤ ስቀዋል ማለት ነው።

ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው አዩት። ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ፋይላቸውን አንስተው አፋቸውን ጋረዱ።

ከፋይሉ በላይ የቀሩት ዓይኖቻቸው ብቻ ነበሩ። ቅንድባቸው ወደ ላይ ሄደ፤ ፋይሉን አወረዱ፤ ጠበቁ። ችሎቱ በሙሉ ወደ እሱ ዞሯል። ጥያቄ መሆኑን አወቀ። ለዚች ደቂቃ ነው የመጣው፤ አልሰማሁም ለማለት። አፉን ከፈተና፣ «አዎ፣ ክቡር ዳኛ» አለ።

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ፖሊሱ እንኳ ፊቱን አዞረ። ጠበቃዋ ግን አልሳቀችም፤ ወረቀቱን አቀረበችለት። «የዚህ ችሎት ዳኛ እርስዎ ነዎት ወይ?» ነው ያሉዎት።

በሕይወቱ እንደዚያች ደቂቃ ብቻውን ሆኖ አያውቅም። ሚስቱ የተቀበረች ዕለት እንኳ ሰዎች በዙሪያው ነበሩ፤ ክንዱን የያዙት ነበሩ። አሁን ሃምሳ ሰው አንድ ላይ ስቆ እሱ የሳቁን ድምፅ እንኳ አላገኘውም፤ ያገኘው የተከፈተ አፍና ጥርስ ነው። የሳጥኑን እንጨት ጨብጦ ቆመ። አልሳቀም። ከሰው በኋላ የመሳቅ ልማዱ ያን ጊዜ አልመጣለትም።

ዳኛው ጠረጴዛውን መቱ፤ ቤቱ ዝም አለ። ለፀሐፊዋ ቀስ እያሉ ነገሯት፤ ጠበቃዋም ጻፈችለት። ባለፈው ቀጠሮ የተሰጠው የእምነት ቃል ተከሳሹ የተባለውን ሳይሰማና ሳይረዳ የተሰጠ በመሆኑ፣ የተሻሻለው ክስ ቅጂም አስቀድሞ ስላልደረሰው፣ ቃሉ ተነስቷል፤ የጥፋተኝነት ውሳኔውም ተሽሯል፤ ተከሳሹ በሐኪም ይታይ፤ ምስክሮች ይቅረቡ። ከዚህ በኋላ ዳኛው ያልተጻፈ ነገር አደረጉ። ፊታቸውን ወደ እሱ አቅንተው፣ ከንፈራቸው በደንብ እንዲታይ ቀስ ብለው፣ «ቅጂው መድረሱን ሳላረጋግጥ ማለፌ የእኔም ጥፋት ነው» አሉ። ይህን እያንዳንዱን ቃል አነበበው።

ሐኪሙ የመስታወት ግድግዳ ባለው ጠባብ ክፍል ውስጥ አስቀምጦ ማዳመጫ ጆሮው ላይ አደረገለትና ድምፅ ሲሰማ የሚጫናት ቁልፍ ሰጠው። ቁልፏን ይዞ ረጅም ጊዜ ቁጭ አለ። ከመስታወቱ ውጭ ሐኪሙ አንድ ነገር እያዞረ ያየዋል፤ ደጋግሞ ያየዋል። የሚያየው ድምፅ በለቀቀ ቁጥር መሆኑ ሲገባው፣ ከፊቱ አንብቦ እንዳይጫን ቁልፏን እንደያዘ ዓይኑን ጨፈነ። የምርመራው ወረቀት የቀኝ ጆሮው ከሞላ ጎደል እንደማይሰማ፣ የግራው ወፍራም ድምፅን ብቻ እንደሚለይ አረጋገጠ።

በምስክሮቹ ቀን ዳኛው ከሳጥኑ አውጥተው ከምስክር መቆሚያው ፊት ለፊት እንዲቀመጥ ፈቀዱለት። ጠበቃዋ የሚባለውን በላፕቶፕ እየመታች ማያውን ወደ እሱ አዞረችው። ዳኛው ስለ ማሽኑ አጀማመር ሲጠይቁት፣ «ፔዳሉን የረገጥኩት እኔ ነኝ፤ ይህን አልክድም። ብረቱን ግን አልፈታሁም» አለ።

ጠራዧ ገባች። ፋሻው ተፈትቷል። እጇን ለመሐላ ስታነሳ የጎደለው ታየ፤ እሱ ዓይኑን አላሸሸም።

«መከላከያውን የፈታው የጥገና ሠራተኛው ነው» አለች። «ሥራ አስኪያጁ አጠገቡ ቆሞ፣ ቶሎ በል ይለው ነበር። እኔ ሙጫ እየቀባሁ ነበር፣ ከሁለት ሜትር አይበልጥም።»

ዐቃቤ ሕጉ፣ ለምን እስከ ዛሬ አልተናገርሽም አላት።

«ማን ጠይቆኝ? በመጀመሪያው ቀጠሮ ከበሩ ውጭ ተቀምጬ ነበር። ተከሳሹ አምኗል፣ ምስክር አያስፈልግም፣ ሂጂ ተባልኩ። ድርጅቱም ሠራተኛው ራሱ መፍታቱን አምኗልና እኛን አይመለከተንም የሚል ደብዳቤ ጻፈልኝ።» ቀኝ እጇን በግራዋ ሸፈነች። «ከዚያ እሱ ቤቴ መጣ። ሥራ አስኪያጁ ገዝቶህ ነው ወይ ያልፈታኸውን ፈታሁ ያልከው ብዬ ጠየቅኩት። አዎ አለኝ።»

ፊደሎቹ ማያው ላይ ተራ በተራ ወጡ። ሚሊሜትር ሳይታወቀው ብድግ አለ።

«አልሰማሁሽም!» አለ። የድምፁን ልክ አያውቅምና ቤቱን አናጋው። «ፊትሽ ወደ ደረጃው ነበር። ምን እንዳልሽ አላወቅሁም። ዛሬ ገና ነው የማውቀው።»

ፖሊሱ ሊያስቀምጠው ሲል ዳኛው በእጃቸው ከለከሉት። ጠራዧ ወደ እሱ ዞረች፤ ፊት ለፊት ስለነበረች ከንፈሯን ማንበብ ቻለ፤ ማያ አላስፈለገውም።

«ጠብቅ ስልህስ?»

«እሱንም አልሰማሁም።»

እሷ አሥራ አንድ ዓመቱን አንድ በአንድ የምታስበው ይመስል ቆመች። በሻይ ሰዓት ያወራችው፣ እሱ ፈገግ ያለበት፣ ልክ ነው ያለበት ሁሉ ፊቷ ላይ አለፈ።

«ብትነግረኝ እኮ ጋሼ» አለች፣ «አልጮኽም ነበር። ትከሻህን እነካህ ነበር።»

ተቀመጠ።

ፍርዱ ከአንድ ወር በኋላ ተሰጠ። መከላከያውን ፈትቷል ከሚለው ክስ ነጻ ወጣ፤ በማተሚያ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ላይ ምርመራ እንዲጀመር ታዘዘ። አለመስማቱን ደብቆ አደገኛ ማሽን በማስነሳቱ ግን ጥፋተኛ ተባለ፤ ስምንት ወር እስራት፣ በገደብ፤ ዳግመኛም እንዲህ ያለ ማሽን ላይ እንዳይሠራ። ጠበቃዋ እያንዳንዱን አንቀጽ ጽፋ፣ ገብቶዎታል? አለችው። ሁለተኛውን አንቀጽ እንድታብራራለት ጠየቃት፤ አብራራችለት። ከዚያ፣ «ገብቶኛል። ትክክለኛ ፍርድ ነው» አለ።

ጠበቃዋ ሌላ ችሎት ስለነበራት እጁን ጨብጣው ሮጠች። እሱ ብቻውን ደረጃውን ወርዶ፣ መንገዱን ተሻግሮ ከፌርማታው ቆመ። ጠራዧም እዚያው ነበረች። ፍርዱን ልትሰማ መጥታ ከኋላ ተቀምጣ ኖሯል። አጠገቧ ሦስት እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ ቆመ።

ሃያ ደቂቃ ያህል አብረው ጠበቁ። ሌላ ሰው አልነበረም። አንዴ ዞር ብላ አየችው፤ እሱም አያት። ፀሐዩ በረታና ግራ እጇን ግንባሯ ላይ ጋረደች። ይቅር በዪኝ ሊላት ያሰበው ብዙ ነገር ነበር፤ ግን መልሷን በመንገድ ላይ፣ በመኪናው ጫጫታ መሃል፣ ከከንፈሯ ላይ መልቀም እንደማይችል ያውቃል። የመለሰችለትን ሳያውቅ ደግሞ ሊለያት አልፈለገም።

አውቶቡሱ መጣ። እሷ ገብታ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች። ከጎኗ ያለው ወንበር ባዶ ነበር። ሾፌሩ ትገባለህ ወይ የሚል ዓይነት እጁን አወናጨፈ። አብሯት ቢቀመጥ ማውራት ግድ ይሆንባታል፤ ላለማውራትም መንገዱ ረጅም ነው። ሚሊሜትር ለሾፌሩ፣ «ሂድ፣ የሚቀጥለውን እይዛለሁ» አለው፤ አውቶቡሱ ሲሄድም መንገዱን እያየ ቆየ።